ዳኛ ያጣ ደም

ማክሰኞ መስከረም 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ኢስታንቡል ከተማ፣ ሌቬንት በሚባለው ሰፈር፣ አንዲት ሴት ከብረት አጥር ወዲህ ቆማ ትጠብቃለች። በእጇ ሁለት ስልኮች ይዛለች፤ ሁለቱም የእጮኛዋ ናቸው። እሱ ስልኮቹን ለእሷ ሰጥቶ የሳዑዲ አረቢያን ቆንስላ በር አልፎ የገባው ከቀኑ 7 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ላይ ነው።

የሄደበት ጉዳይ በሰው አገር የኖረ ሁሉ የሚያውቀው ዓይነት ነው። ሊያገባ ነው፤ ለጋብቻው ደግሞ ከቀድሞ ሚስቱ መፋታቱን የሚያስረዳ ወረቀት ከአገሩ መንግሥት ያስፈልገዋል። ባለፈው ዓርብ መጥቶ ጠይቋል። በደህና ተቀብለው አስተናግደውት፣ ማክሰኞ እንዲመለስ ነግረው ሸኝተውታል። ቀጠሮውን አክብሮ መጣ።

ሰዓቱ ነጎደ፤ ቆንስላው ሥራ ጨርሶ ተዘጋ። ሴትዮዋ በር ላይ ያሉትን ጠየቀች፤ ውስጥ የቀረ ሰው የለም አሏት። ከመግባቱ በፊት፣ ብዘገይ ደውይለት ብሎ የነገራት የፕሬዚዳንት ኤርዶዋን አማካሪ ለሆኑት ለያሲን አክታይ ነበር። ደወለች። እኩለ ሌሊት እስኪያልፍም ከቦታዋ አልተነሣችም። በማግሥቱ ተመልሳ መጣች። ጋዜጠኛ ጀማል ኻሾግጂ ግን ከዚያ በር አልወጣም።

በአገራችን ገጠር ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲሰወር አውጫጭኝ ይጠራ ነበር። የአካባቢው ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይወጣል፤ የጥፋተኛው ስም እስኪወጣ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ፣ ወደ እርሻው አይመለስም። ፊት ለፊት መናገር የሚፈራ ሰው ያየውን በስውር ያደርሳል፤ ያንን ስውር ምስክር «ወፍ» ይሉታል። በዚያ ማክሰኞ የጀመረው ነገር ዓለም በሙሉ የተቀመጠበት አውጫጭኝ ሆነ። ወፉ ተናገረ፤ ስሙም ወጣ። ስሙ ከወጣ በኋላ መንግሥታት ምን አደረጉ? ታሪኩን በቅደም ተከተል እንየው። ከዚህ በኋላ ያሉት ቀኖች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ያ ማክሰኞም ኦክቶበር 2 ቀን 2018 ነው።

ከቤተ መንግሥት ደጅ እስከ ስደት

ጀማል ኻሾግጂ በ1958 መዲና ተወለደ። አያቱ የሳዑዲ አረቢያ መሥራች የንጉሥ አብዱልአዚዝ ሐኪም ነበሩ። አሜሪካ፣ ኢንዲያና ተምሮ ወደ ጋዜጠኝነት ገባ፤ በ1980ዎቹ የአፍጋኒስታንን ጦርነት ዘገበ፤ ያኔ ገና ዓለም ያላወቀውን ኦሳማ ቢን ላደንን ቃለ መጠይቅ አደረገ። «አል ወጠን» የተባለውን ጋዜጣ ሁለት ጊዜ መራ፣ ሁለቴም ከወንበሩ ተነሣ። በመካከሉ የስለላ ተቋሙ የቀድሞ ኃላፊ ልዑል ቱርኪ አል ፈይሰል በለንደንና በዋሽንግተን አምባሳደር ሲሆኑ አማካሪያቸው ሆኖ ሠራ።

ይህ ሰው አብዮተኛ አልነበረም። ዙፋኑ ይገልበጥ አላለም። ያለው፣ ንጉሡን የሚመክር ሰው አፉ አይታሰር ነው። በ2016 መጨረሻ ገና የተመረጡትን ዶናልድ ትራምፕን ተችቶ በመናገሩ እንዳይጽፍ ታገደ። በጁን 2017 ልዑል መሐመድ ቢን ሳልማን አልጋ ወራሽ ሆኑ። በዚያው ሰሞን ጀማል ሻንጣውን ይዞ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ገባ፤ በሴፕቴምበር በዋሽንግተን ፖስት ላይ መጻፍ ጀመረ። በመጀመሪያው ጽሑፉ ስለታሰሩት ወዳጆቹ ጻፈ፤ ከዚህ ቀደም ጓደኞቹ ሲታሰሩ ዝም ማለቱ እንደሚጸጽተው፣ አሁን ግን መናገርን እንደመረጠ ገለጸ።

ያ ዘመን ለእኛም ሩቅ አይደለም። በኖቬምበር 2017 በልዑሉ ትእዛዝ መሳፍንትና ባለሀብቶች ሪያድ ሪትዝ ካርልተን ሆቴል ውስጥ ሲታሰሩ፣ ከመካከላቸው ትውልደ ኢትዮጵያዊው ባለሀብት ሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አላሙዲ ይገኙበት ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ሥልጣን በያዙ በሁለተኛው ወር ሪያድ ሄደው ስለ እሳቸው መፈታት ልዑሉን እስከ መጠየቅ ደርሰዋል። ሼሁ የተፈቱት ግን በጃንዋሪ 2019 ነው። ጀማል ከመገደሉ 16 ቀን በፊት ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትራችንና ፕሬዚዳንት ኢሳያስ አፈወርቂ ጅዳ ላይ፣ ንጉሥ ሳልማን ፊት ስምምነት ፈርመዋል። የሪያድ እጅ በያኔው ፖለቲካ ውስጥ ምን ያህል ረጅም እንደነበር ከዚህ ይታያል።

እጁ ርዝመቱን ብቻ ሳይሆን ክብደቱንም አሳይቶ ነበር። በኦገስት 2018 የካናዳ መንግሥት የታሰሩ የመብት ተሟጋች ሴቶች እንዲፈቱ በትዊተር ጠየቀ። ሳዑዲ አረቢያ የካናዳን አምባሳደር አባረረች፣ አዲስ ንግድ አገደች፣ ካናዳ የሚማሩ ልጆቿን ጥላችሁ ውጡ አለች። ዋሽንግተን የጉዳዩ ባለቤቶች ሁለቱ ናቸው ብላ ዳር ቆመች፤ የአውሮፓ መንግሥታትም ለወዳጃቸው ጮክ ብለው አልተሟገቱም። ከሁለት ወር በኋላ ወደ ኢስታንቡል አውሮፕላን የላኩት ሰዎች ያንን ዝምታ እንደ ፈቃድ ቆጥረውት ይሆን? ማንም አይመሰክርም። ቅደም ተከተሉ ግን ይህ ነው።

አሥራ ስምንት ቀናት

ገዳዮቹ 15 ናቸው። አብዛኞቹ በግል አውሮፕላኖች መጥተው በዚያው ዕለት ተመለሱ። ከመካከላቸው ከልዑሉ ጋር በውጭ ጉዞ ላይ የታየ የደኅንነት መኮንን፣ አስከሬን መርማሪ ሐኪም፣ በቁመናውም ጀማልን የሚመስል ሰው ነበሩበት። ያ ሰው የሟቹን ልብስ ለብሶ፣ ሰው ሠራሽ ጺም አድርጎ በጓሮ በር ወጣ፤ ሰማያዊው መስጊድ አካባቢም ታየ። የመንገድ ካሜራዎች ቀርጸውታል። ልብሱ የጀማል ነው፤ ጫማው ግን የራሱ ነበር።

የሳዑዲ መንግሥት የመጀመሪያ ቃል ጀማል ከቆንስላው ወጥቷል የሚል ነበር። ልዑል መሐመድ በማግሥቱ ለብሉምበርግ በሰጡት ቃለ መጠይቅ ይህንኑ ደገሙት፤ የምንደብቀው ስለሌለ ቱርኮች ገብተው ይፈትሹ አሉ።

ኦክቶበር 5 የወጣው ዋሽንግተን ፖስት አንድ ዐምዱን ባዶ አድርጎ አተመ። የጀማል ፎቶግራፍና ስም ከላይ፣ ከታች ነጭ ወረቀት። በማግሥቱ የቱርክ ባለሥልጣናት ስማቸው እንዳይጠቀስ እያሉ ለዜና ወኪሎች መናገር ጀመሩ፤ ሰውየው እዚያው ውስጥ ተገድሏል አሉ። ወፉ መዝፈን የጀመረው ያኔ ነው። ቀን በቀን አንድ ነገር ይወጣል፤ ዛሬ የአውሮፕላኖቹ ቁጥር፣ ነገ የ15ቱ ፎቶግራፍ፣ ከነገ ወዲያ የድምፅ ቅጂ አለ የሚል ወሬ። አንካራ ቆንስላው ውስጥ የተነጋገሩትን ቀድታ ነበር፤ ቅጂውን ግን በአንድ ጊዜ አላወጣችውም፤ እየቆነጠረች ሰጠች።

የቱርክን ነገር በቀና ዐይን ብቻ ማየት አይቻልም። ከሪያድ ጋር በኳታር መከበብና በሙስሊም ወንድማማቾች ጉዳይ ተቀያይማ ነበር፤ በዚያው ዓመትም በዓለም ከማንም አገር በላይ ብዙ ጋዜጠኞችን ያሰረችው እሷ ነበረች። ቢሆንም የቱርክ መርማሪዎች ባይኖሩ፣ ዓለም ጀማል ኻሾግጂ ከአንድ በር ገብቶ በሌላ በር ወጥቶ ጠፋ የሚለውን ተረት ይዞ ይቀር ነበር።

ኦክቶበር 15 ምሽት ላይ የቱርክ ፖሊሶች ቆንስላውን እንዲፈትሹ ተፈቀደ። ከእነሱ ቀድመው ግን በሩ ላይ በተደረደሩት ካሜራዎች ፊት ሌሎች ሰዎች ገቡ። መወልወያና ባልዲ የያዙ የጽዳት ሠራተኞች ናቸው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከተጠበቀ በኋላ፣ በጠራራ፣ ዓለም እያየ፣ ባልዲ ይዞ መግባት! ያንን ምስል ያየ ሰው ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም።

ሪያድ በ18ኛው ቀን፣ ኦክቶበር 20 ሌሊት፣ ሞቱን አመነች። የተናገረችው ግን ቆንስላው ውስጥ ጠብ ተነሥቶ በቡጢ ሲማቱ ሞተ የሚል ነበር። 18 ሰዎች መያዛቸውን፣ የስለላ ምክትል ኃላፊው አሕመድ አል አሲሪና የቤተ መንግሥቱ አማካሪ ሳዑድ አል ቀሕጣኒ ከሥልጣን መነሣታቸውን አስታወቀች። በማግሥቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ፣ ሥልጣናቸውን ያለፉ ሰዎች በራሳቸው ያደረጉት ነው አሉ። ከአራት ቀን በኋላ ዐቃቤ ሕጉ ግድያው አስቀድሞ የታሰበበት ይመስላል አሉ። በኖቬምበር አጋማሽ ደግሞ በመርፌ ከመጠን ያለፈ መድኃኒት ተወግቶ እንደሞተ፣ ሬሳውም ተቆራርጦ እንደወጣ ተናገሩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እዚህ ግን እውነቱ የጠራው በተናዛዦቹ ቅንነት አልነበረም፤ የሸሸጉት አንድ በአንድ ሲገለጥባቸው ነው።

የቁጣው ወር

ዓለም ተቆጣ። ይህን መካድ አይገባም።

ኦክቶበር 10፣ ሞቱ ገና ሳይታመን፣ ከሁለቱም ፓርቲዎች የተውጣጡ 22 የአሜሪካ ሴናተሮች ለፕሬዚዳንት ትራምፕ ደብዳቤ ጻፉ። ማግኒትስኪ በሚባለው ሕግ መሠረት የሰብአዊ መብት ጥሰቱን ያደረሰውን ሰው፣ የቱንም ያህል ከፍተኛ ባለሥልጣን ቢሆን፣ ፕሬዚዳንቱ መርምረው እንዲያሳውቁ አስገደዷቸው። ፕሬዚዳንቱ በአንድ ወገን ከባድ ቅጣት ይኖራል አሉ፤ በሌላ ወገን ደግሞ 110 ቢሊዮን ዶላር የጦር መሣሪያ ሽያጭ አላቋርጥም አሉ። ያ ቁጥር ራሱ የተጋነነ ነበር፤ በውል የታሰረው ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ማይክ ፖምፔዮ ሪያድ ሄደው ከልዑሉ ጋር ፈገግ ብለው ፎቶግራፍ ተነሡ።

በኦክቶበር 23 ሪያድ ላይ የተጠራው ትልቅ የኢንቨስትመንት ጉባኤ የመጀመሪያው ፈተና ሆነ። የጄፒ ሞርጋን፣ የብላክሮክና የኡበር አለቆች ቀሩ፤ የዓለም የገንዘብ ድርጅት ኃላፊ ክርስቲን ላጋርድ ቀሩ፤ የአሜሪካ የገንዘብ ሚኒስትርም ከጉባኤው ቀሩ። ወንበሮቹ ግን ባዶ አልቀሩም፤ ብዙዎቹ ኩባንያዎች አለቃውን አስቀርተው ምክትሉን ላኩ። ስምን ከማኅደሩ አውጥቶ እጅን ከማዕዱ አለማውጣት ማለት ይህ ነው።

በዚያው ቀን ሁለት ነገሮች ሆኑ። አንካራ ላይ ፕሬዚዳንት ኤርዶዋን በፓርላማ ለፓርቲያቸው አባላት ንግግር አደረጉ፤ ግድያው የታቀደ መሆኑን ዘርዝረው፣ ትእዛዙን የሰጠው ማን ነው? ሬሳውስ የት ነው? ሲሉ ጠየቁ። ሪያድ ላይ ደግሞ የጀማል የመጀመሪያ ልጅ ሳላሕ ንጉሡና አልጋ ወራሹ ለቅሶ ሊደርሱት ወደ ቤተ መንግሥት ተጠራ። በእኛ ባህል ለቅሶ ደራሽ ወደ ሐዘንተኛው ቤት ይሄዳል እንጂ ሐዘንተኛው ወደ ለቅሶ ደራሹ ደጅ አይጠራም። ልጁ ከአገር እንዳይወጣ ታግዶ ነበር። የልዑሉን እጅ ሲጨብጥ የተነሣው ፎቶግራፍ ዓለምን ዞረ፤ ዐይኑ የጨበጠው እጅ ላይ ሳይሆን የልዑሉ ፊት ላይ ተተክሏል። ስለ እገዳና ስለ ፍርሃት የተጻፈ ሐተታ ሁሉ ያንን ፊት አያህልም። እገዳው ከዚያ በኋላ ተነሥቶለት ወደ አሜሪካ ሄደ።

አውሮፓ ለሁለት ተከፈለች። የጀርመኗ መራሒተ መንግሥት አንጌላ ሜርክል ነገሩ ሳይጣራ የጦር መሣሪያ አንልክም አሉ፤ ጀርመን ሽያጯን አቆመች፣ 18 ሳዑዲዎች እንዳይገቡባትም ከለከለች። ዴንማርክ፣ ፊንላንድና ኖርዌይ አዲስ ፈቃድ መስጠት አቆሙ። የአውሮፓ ፓርላማ አባል አገሮች ሁሉ መሣሪያ እንዳይሸጡ ጠየቀ። የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን ግን መሣሪያ መሸጥና የኻሾግጂ ጉዳይ ምን አገናኛቸው፣ ይህ ሕዝብን ለማስደሰት የሚባል ነው ሲሉ ተቆጡ። ግብፅ፣ የተባበሩት አረብ ኤምሬቶችና ባሕሬን ከሪያድ ጎን ቆሙ።

ኖቬምበር 15 አሜሪካ በ17 ሳዑዲዎች ላይ ማዕቀብ ጣለች፤ ከእነሱ መካከል አል ቀሕጣኒ ይገኝበታል። በማግሥቱ ዋሽንግተን ፖስት ትልቁን ዜና አወጣ፤ የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ሲአይኤ ግድያውን ያዘዙት አልጋ ወራሹ ናቸው ወደሚል ድምዳሜ ደርሷል አለ። ስሙ ወጣ።

ስሙ ከወጣ በኋላ

ኖቬምበር 20 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ጽሑፍ አወጡ። ልዑሉ ያውቁ ይሆናል፣ ላያውቁም ይችላሉ፤ ያም ሆነ ይህ ሳዑዲ አረቢያ ጽኑ ወዳጃችን ናት፣ ኢራን ትበልጥብናለች፣ ያለው ገንዘብም ብዙ ነው የሚል ነበር። ብዙ መንግሥታት በሹክሹክታ የሚያደርጉትን እሳቸው በጽሑፍ አደረጉት። አሥር ቀን ቆይቶ ቦነስ አይረስ ላይ የቡድን 20 መሪዎች ሲሰበሰቡ ልዑል መሐመድ ተገኙ። የሩሲያው ፕሬዚዳንት ፑቲን መዳፋቸውን ከመዳፋቸው ጋር በሳቅ አጋጭተው ተቀበሏቸው።

ያልተኛው የአሜሪካ ምክር ቤት ነበር። በዲሴምበር መጀመሪያ የሲአይኤ ኃላፊዋ ጂና ሀስፔል በዝግ ስብሰባ ሲያስረዱ የሰሙት የፕሬዚዳንቱ ፓርቲ ሴናተር ቦብ ኮርከር፣ ልዑሉ ዳኞች ፊት ቢቀርቡ በ30 ደቂቃ ውስጥ ጥፋተኛ ይባሉ ነበር ብለው ወጡ። ዲሴምበር 13 ሴኔቱ ሁለት ውሳኔ አሳለፈ። አንደኛው በአንድ ድምፅ ልዑሉን ለግድያው ተጠያቂ አደረገ። ሁለተኛው በ56 ለ41 ድምፅ፣ አሜሪካ ለሳዑዲ የየመን ጦርነት የምትሰጠው ድጋፍ ይቁም አለ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። የመን ውስጥ በአየር ድብደባና በረሃብ ሕፃናት ሲያልቁ ሦስት ዓመት አልፎ ነበር። ያ ሁሉ ሞት ያላንቀሳቀሰውን ሴኔት የአንድ ሰው ሞት አንቀሳቀሰው። አንዳንዱ ይህን እንደ ግፍ ያየዋል፤ የብዙዎች ደም ከአንድ ታዋቂ ሰው ደም አነሰን? ይላል። ቅሬታው እውነት አለው። ሆኖም ጀማል ራሱ በመጨረሻው ወር ጦርነቱ እንዲቆም ልዑሉን የሚማጸን ጽሑፍ ጽፎ ነበር። በሕይወት ሳለ ያልተሰማው ልመናው ከሞተ በኋላ ወደ ሕግ አውጪዎች ደረሰ። በኤፕሪል 2019 የተወካዮች ምክር ቤቱም በ247 ለ175 ድምፅ ተስማማ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ግን ኤፕሪል 16 ቀን ውሳኔውን ሻሩት፤ በጁላይም የመሣሪያ ሽያጭ ለማገድ የወጡትን ውሳኔዎች ሻሩ።

ጁን 2019 የተባበሩት መንግሥታት ልዩ መርማሪ አኜስ ካላማር ሪፖርታቸውን አወጡ። የድምፅ ቅጂውን ከሰሙት ጥቂት ሰዎች አንዷ ናቸው። ድምዳሜያቸው ግልጽ ነው፤ ይህ አስቀድሞ የታሰበበት ግድያ ነው፣ ተጠያቂውም የሳዑዲ መንግሥት ነው። አልጋ ወራሹን ጨምሮ ከፍተኛ ባለሥልጣናት እንዲመረመሩ የሚያበቃ አሳማኝ ማስረጃ አለ አሉ። ዓለም አቀፍ ምርመራ እንዲከፈት ጠየቁ። አልተከፈተም።

ልዑሉ በሴፕቴምበር መጨረሻ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ቀርበው፣ የአገሪቱ መሪ እንደመሆኔ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ፣ ግን አላዘዝኩም አሉ። ሪያድ የተዘጋ ችሎት አስችላ በዲሴምበር 23 ቀን 2019 አምስት ሰዎች በሞት፣ ሦስት ሰዎች በእስራት እንዲቀጡ ፈረደች። አል አሲሪ በነፃ ተለቀቁ፤ አል ቀሕጣኒ አልተከሰሱም። በሜይ 2020 የጀማል ልጆች ገዳዮቹን ይቅር ብለናል አሉ፤ በሴፕቴምበር የሞት ፍርዱ ወደ 20 ዓመት እስራት ተቀየረ። በእኛም አገር ደም በሽማግሌ ይደርቃል። ዕርቅ ግን ገዳይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ጥፋቱን በአፉ አምኖ የሚለምነው ነው። ገዳዩ በዙፋኑ አጠገብ ተቀምጦ፣ የሟች ልጅ ከደጁ የሚሰጠው ይቅርታ ስሙ ሌላ ነው።

በዚያው ዓመት፣ በጁላይ 2020፣ እንግሊዝ 20 ሳዑዲዎችን በግድያው ምክንያት ማዕቀብ ውስጥ አስገባች። በማግሥቱ ለሳዑዲ አረቢያ የጦር መሣሪያ መሸጫ ፈቃድ መስጠት እንደምትቀጥል አስታወቀች። በአንድ ቀን ልዩነት!

ቃልና ነዳጅ

ጆ ባይደን ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ፣ በኖቬምበር 2019 ክርክር ላይ፣ ሳዑዲዎችን ዋጋ አስከፍላቸዋለሁ፣ ከሰው ተራ አወጣቸዋለሁ ብለው ቃል ገብተው ነበር። ተመረጡ። ፌብሩዋሪ 26 ቀን 2021 ተደብቆ የኖረውን የስለላ ሪፖርት አወጡ። አራት ገጽ ነው። ልዑል መሐመድ ቢን ሳልማን ጀማል ኻሾግጂን ለመያዝ ወይም ለመግደል የተደረገውን ዘመቻ አጽድቀዋል ይላል። በዚያው ቀን ለ76 ሳዑዲዎች ቪዛ ተከለከለ፤ በስደት ያሉ ተቃዋሚዎችን የሚያሳድዱ የሌሎች መንግሥታት ሰዎችም ቪዛ የሚነፈጉበት መመሪያ በጀማል ስም ተሰየመ። የልዑሉ ስም ግን ከተቀጪዎቹ ዝርዝር ውስጥ የለም። ስማቸው ሪፖርቱ ላይ ነው፤ ቅጣቱ ሌሎች ላይ።

ከዚያ 2022 መጣ። በማርች የቱርክ የዋጋ ግሽበት ከ61 በመቶ አለፈ። ኢስታንቡል ውስጥ 26 ሳዑዲዎች በሌሉበት የሚታይ ክስ ነበር፤ ኤፕሪል 7 ቀን ፍርድ ቤቱ መዝገቡን ዘግቶ ወደ ሳዑዲ አረቢያ አዛወረው። የተገዳይን መዝገብ ለተከሳሹ አስረከቡት። በሦስት ሳምንቱ ፕሬዚዳንት ኤርዶዋን ጅዳ ወርደው ከልዑሉ ጋር ተቃቀፉ። ትእዛዙን የሰጠው ማን ነው ብለው በፓርላማ የጠየቁት እሳቸው ነበሩ።

ዩክሬን ውስጥ ጦርነት ተነሥቷል፤ የነዳጅ ዋጋ ሽቅብ ወጥቷል። ጁላይ 15 ቀን ባይደንም ጅዳ ደረሱ። ከመኪናቸው ወርደው ቡጢያቸውን ከልዑሉ ቡጢ ጋር አነካኩ። ከሰው ተራ አወጣቸዋለሁ ካሏቸው ሳዑዲዎች አልጋ ወራሽ ጋር! የግድያውን ነገር በስብሰባው መጀመሪያ አንሥቻለሁ አሉ። ሳዑዲዎቹ ደግሞ የአቡ ግሬብን እስር ቤትና በዚያው ዓመት በሜይ ጄኒን ላይ በጥይት የተገደለችውን ጋዜጠኛ ሺሪን አቡ አቅለህን ጠቅሰው መለሱ። እንዲህ የአንዱ ጋዜጠኛ ደም ለሌላው ጋዜጠኛ ደም መመለሻ ሆነ፤ ለሁለቱም ዳኛ የጠየቀ ግን በዚያ አዳራሽ አልነበረም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ልዑሉ ፓሪስ ላይ የማክሮን እራት ተጋባዥ ሆኑ።

አንድ በር ቀርቶ ነበር። ሃቲጄ ጄንጊዝ፣ ያቺ ሁለት ስልክ ይዛ በር ላይ የቆመችው እጮኛ፣ ጀማል ካቋቋመው የመብት ድርጅት ጋር ሆና በ2020 ልዑሉን ዋሽንግተን ላይ ከሳቸው ነበር። በሴፕቴምበር 2022 ንጉሥ ሳልማን ልጃቸውን ጠቅላይ ሚኒስትር አድርገው ሾሙ። በኖቬምበር የአሜሪካ መንግሥት፣ የመንግሥት መሪ ናቸውና አይከሰሱም ብሎ ለፍርድ ቤቱ ጻፈ። ዲሴምበር 6 ዳኛ ጆን ቤትስ ልባቸው እየከበዳቸው መሆኑን ሳይደብቁ ክሱን ዘጉ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ የሚለው የአባቶቻችን ተረት በዋሽንግተን ፍርድ ቤት ሕግ ሆኖ ተነበበ።

በጃንዋሪ 2024 ጀርመን ለሳዑዲ አረቢያ የዩሮፋይተር የጦር አውሮፕላን ሽያጭ ላይ የነበራትን ተቃውሞ አነሣች። የ2018ቱ ቁጣ የመጨረሻ ትልቅ አጥር ያኔ ወደቀ።

ያልተበተነው ሸንጎ

ኖቬምበር 18 ቀን 2025 ልዑል መሐመድ ቢን ሳልማን በፈረስና በአውሮፕላን ትርኢት ታጅበው ዋይት ሐውስ ገቡ። ከሰባት ዓመት በፊት የዓለም መሪዎች አጠገባቸው ለመቆም ያፈሩባቸው ሰው፣ አሁን አንድ ትሪሊዮን ዶላር ኢንቨስት አደርጋለሁ የሚሉ እንግዳ ናቸው።

በፕሬዚዳንቱ ቢሮ ውስጥ ግን አንዲት የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ጥያቄ ነበራት። የስለላ ሪፖርቱን ጠቅሳ፣ ልዑሉ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሳለ፣ የጀማል ኻሾግጂን ስም ጠራች። እንደገና ፕሬዚዳንት የሆኑት ትራምፕ መለሱ። ያ ሰው ብዙዎች የማይወዱት ነበር፣ እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥማል፣ ልዑሉ ምንም አያውቁም አሉ። እንግዳችንን አታሳፍሪ ሲሉም ተቆጧት። ልዑሉ ነገሩ የሚያሳምም መሆኑን፣ ትልቅ ስሕተት መሆኑን ተናገሩ።

የጀማል አስከሬን እስከ ዛሬ አልተገኘም። የጸሎት ሥርዓቱ መዲናን ጨምሮ በብዙ ከተሞች ሬሳ በሌለበት ተፈጸመ። መቃብር የለውም፤ ሐውልት ሊቆምበት የሚችል አፈር የለም። ያለው አንድ የመንገድ ምልክት ነው። በዋሽንግተን ከተማ ምክር ቤት ውሳኔ፣ ከሳዑዲ ኤምባሲ ፊት ለፊት ያለው መንገድ በጁን 2022 በስሙ ተጠራ። በዚያ በር የሚገባና የሚወጣ ዲፕሎማት ሁሉ ስሙን ያልፋል።

በአውጫጭኝ ሥርዓት ስም ከወጣ ዳኛ ይቀመጣል፤ ዳኛ ካልተቀመጠ ጉባኤው አልተፈጸመም። መንግሥታቱ ስሙን ሰምተው፣ ልብሳቸውን አራግፈው፣ አንድ በአንድ ወደ ገበያቸው ሄደዋል። የሞተ ተጎዳ ይላል ሰው፤ ዘመኑም ያንኑ ያስተማረ ይመስላል። ነገር ግን ሜዳው ላይ የቀሩ አሉ። ሃቲጄ አልሄደችም። ካላማር የጻፉት ተጽፏል፤ አራቱ ገጾች ተመልሰው አይደበቁም። ልዑሉም በዓለም እጅግ ኃያል በሆነው ቢሮ፣ በወዳጃቸው ወንበር አጠገብ ተቀምጠው እንኳ፣ ጥያቄው ሲነሣ መስማት ነበረባቸው። ያነሣችው ጦር ያላት፣ ነዳጅ ያላት፣ ድምፅ የምትሰጥ ሴናተርም አይደለችም። የሟቹ የሥራ ባልደረባ ናት፤ ጋዜጠኛ ናት። ሥራዋ መጠየቅ ነው፤ ጠየቀች።